የሐሊማ ወረፋ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሩት ከሥራ እንደገባች ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ሩት እዚሁ ሮቤ ነርስ ናት፤ የሥራ ጓደኞቿ የሚልኩላትን ሁሉ ታሳየኛለች፤ እኔም መነጽሬን ፈልጌ እስክሰካ ድረስ ትዕግሥቷ ያልቃል። «እማማ፣ እስቲ ይቺን ልጅ ይዩልኝ» አለች። የአሥራ ሁለት፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ትሆናለች። በአንደኛው ፎቶ የፊቷ አንድ ወገን እንደ ዳቦ ሊጥ ኩፍ ብሏል። በሁለተኛው ግን ትስቃለች፤ አገጯ ቦታው ላይ ነው፤ ከጆሮዋ ሥር የሚወርድ ቀጭን ጠባሳ ብቻ ይታያል። «እብጠቱን ከነአጥንቱ አወጡና ከእግሯ አጥንት ወስደው መንጋጋ ሠሩላት» አለችኝ። «በእኛ ጊዜ ከጎድን ነበር» አልኳት። ሳቀች። «እማማ ደግሞ የማያውቁት ነገር የለም!» እኔ ግን አልሳቅሁም። ሩት የእህቴን የወይንሸትን ነገር ሰምታለች፤ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ያልሰማችው የሌላዋን ልጅ ነው። እሱን እኔ ለማንም አውርቼ አላውቅም፤ ለአንድ ሰው ብቻ ነግሬያለሁ፤ እሱንም ባልነገርኩ ይሻል ነበር። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቢሆንም አባቴ ጸሐፊ ስለነበሩ እጄ ብዕር አይፈራም። ስለዚህ በማውቀው ልጻፈው።

ያኔ የምንኖረው ጎባ ነበር። ጎባ የጠቅላይ ግዛቱ ከተማ፣ ገዢው የሚቀመጥበት፣ ፍርድ ቤቱ፣ ግምጃ ቤቱ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ያለበት። ሮቤ ማለት ደግሞ ሜዳ ላይ የተበተኑ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ በገበያ ቀን የሚሞላና በማግስቱ ነፋስ ብቻ የሚቀርበት ቦታ ነበር። ዛሬ ይህን ስል የሮቤ ልጆች ይቆጣሉ። አባባ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ካለው ጽድ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተው ማመልከቻ ይጽፉ ነበር። ካኪ ኮት ይለብሳሉ፤ በኮቱ ደረት ኪስ ሁለት ብዕር ይሰካሉ፤ ከሁለቱ አንደኛው አይጽፍም፤ ለማዕረግ ነው። በብርዱ ቀለሙ ሲወፍርባቸው ጠርሙሱን ብብታቸው ውስጥ ያሞቁታል። ከፊት ለፊታቸው አንድ ሻይ ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ ራዲዮኑን መስኮት ላይ ያስቀምጥና ዘፈን ሲመጣ ድምፁን ለመንገደኛው ሁሉ ከፍ ያደርግ ነበር። አምስት ሳንቲም ያለው ቦምቦሊኖ ይበላል፣ የሌለው ዘፈኑን በነጻ ይሰማል። እኔና ወይንሸት አምስቷን ሳንቲም ስናገኝ ቦምቦሊኖውን የማካፍለው እኔ ነበርኩ። በክር ለክቼ ነው የምቆርሰው። ለራሴ አንዲት ፍርፋሪ ብትተርፍ ያንገበግበኛል፤ ለእሷ ብትተርፍ ደግሞ ይብስብኛል። አባባ በዚህ ይኮሩብኝ ነበር። ለደንበኞቻቸው «ይቺ ዳኛዬ ናት፤ እዚህ ፍርድ ቤት ካሉት ትሻላለች» ይሉ ነበር፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ዳኞቹ እንዳይሰሙ።

ወይንሸት አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ እኔ አሥራ አምስት። ነገሩ የጀመረው በጥርስ ነው። የታች መንጋጋዋ ላይ አንድ ጥርስ ተነቃነቀ። ወልቆ አዲስ ይበቅላል ተባለ፤ ወለቀ፤ አዲስ አልበቀለም፤ በምትኩ እባጭ መጣ። አንዲት ባልቴት ጉንጯን በጋለ ብረት ተኮሰቻት። ጠበል ተወሰደች። ወጌሻው ዳበሰና «አጥንት ነው፤ ግን የተሰበረ አጥንት አይደለም፤ እኔ የማውቀው የተሰበረውን ነው» አለ። እስከ ዛሬ ያንን ሰው የማከብረው የማያውቀውን አላውቅም ስላለ ነው። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ያለው ድሬሰር መንጋጋዋን በሁለት ጣቱ ያዝ አድርጎ አየና አባባን ወደ ጎን ጠራቸው። «አቶ ተሰማ፣ አዲስ አበባ ይውሰዷት፤ ዛሬ ነገ አይበሉ።» እናቴ ትንንሾቹን ይዛ ጎባ ቀረች። እኔ አስታማሚ ተብዬ ተጨመርኩ። ለመንገዱ አዲስ ኮንጎ ጫማ ተገዛልኝ፤ ፕላስቲኩ በብርድ ጊዜ እንደ ድንጋይ የሚደርቅ፣ በሙቀት ጊዜ እግር የሚቀቅል። በዚያ ጫማ ደስ ብሎኝ ነበር። እህቴ ልትሞት ትችላለች እየተባለ እኔ ጫማዬን አያለሁ። ልጅነት እንዲህ ነው፤ ዛሬ ብጠላውም ያኔ የነበርኩት እኔ ነኝ።

አውቶቡሱ ሮቤ ሲቆም አንድ ረጅም ሰውዬ ልጃቸውን ይዘው ተሳፈሩ። ከገሰራ በበቅሎ ወርደው አድረው የነበሩ ናቸው። ነጭ ቆብ፣ በትከሻቸው ወፍራም ጋቢ፣ በእጃቸው ጫፉ እንደ መንታ የተከፈለ በትር፤ የወሊዩን የሼክ ሁሴንን መቃብር ሊሳለም የሄደ ሰው የሚይዘው ዓይነት። ልጅቷ በናይለን ሻሽ ፊቷን ግማሽ ሸፍናለች። ከወይንሸት ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሻሻቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ወይንሸት፣ ያቺ ባለጌ፣ «የእኔ ይበልጣል» አለቻት በኦሮምኛ። ልጅቷ ጉንጯን ዳበሰች፤ የወይንሸትንም በእጇ ለካች፤ «ዋሽተሻል» አለች። በዚያው ተዋደዱ። ስሟ ሐሊማ ነው፤ አባቷ ኦቦ ከድር። ከአባባ ጋር ዲንሾን ሳናልፍ ስለ ገብስና ስለ ከብት እያወሩ ወንድማማች መሰሉ፤ እኔ ነኝ የማስተረጉምላቸው፤ የአባባ ኦሮምኛ የማመልከቻ ኦሮምኛ ነበር፤ መሬትና ክስ ከሆነ ያውቁታል፤ ሌላው ይጠፋባቸዋል። ኦቦ ከድር ደግሞ አማርኛ ከሰላምታ አያልፉም። ልጃቸውን ሼክ ሁሴን ወስደው ስለት ገብተዋል። «ወሊዩ ለምነውልኛል፤ ቀሪውን ሐኪሙ ያድርገው» አሉ። አባባም «እኛም ጠበሉን አድርሰናል» አሉ። ሁለቱም ሳቁ።

አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል፣ አንድ ክፍል፣ ጎን ለጎን አልጋ ሆነ። ሐኪሙ ከውጭ አገር የመጣ፣ ፀጉረ ቀይ፣ እጁ ትልልቅ የሆነ ሰው ነበር። በሳምንት ልዩነት ሁለቱንም ቀደደ። እብጠቱ ከነመንጋጋው ወጣ። ከኦፕራሲዮን በኋላ እህቴን ሳያት እንዴት እንደሆነች ለመናገር ዛሬም ይከብደኛል። ግማሽ አገጭ የለም። የቀረው ግማሽ ወደ ጎን ሸሽቷል፤ ምራቋ ይወርዳል፤ ምላሷ የት እንደሚያርፍ አያውቅም፤ ስታወራ ቃሉ ሁሉ አየር ብቻ ሆኖ ይወጣል። መስተዋት የለንም ብለን ዋሸናት፤ እሷ ግን የመስኮቱን መስታወት አገኘች። ቀኑን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዋለች። በሳምንቱ ሐሊማም እንዲሁ ሆና ወጣች፤ ያኔ ወይንሸት አልጋዋ ድረስ ሄዳ እጇን ያዘች። እኔ ያቺን እጅ ለእጅ መያያዝ ባላየሁ ኖሮ የኋላው ነገር እንዲህ አይከብደኝም ነበር።

ሐኪሙ ነገሩን አስረዳን። እሱ በራሱ ቋንቋ ለነርሷ፣ ነርሷ በአማርኛ ለእኛ፣ እኔ በኦሮምኛ ለኦቦ ከድር። ቁስሉ ጥቂት ወር ይድረቅ፤ ከዚያ ከራሳቸው ጎድን አንድ አጥንት ይወሰዳል፤ ተቀርጾ በሽቦ ይታሰራል፤ ልጆች ስለሆኑ አጥንቱ አብሯቸው ያድጋል። ግን ጊዜ አለው። ብዙ ከቆየ ቆዳውና ሥጋው ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ያኔ አጥንት ቢመጣም የሚቀመጥበት ቦታ አይገኝም። ኦቦ ከድር ይህን ሰምተው እጃቸውን ጎናቸው ላይ አደረጉ። «የእኔን ይውሰዱ በይልኝ። የእሷ ቀጭን ነው።» ነርሷ ስትሰማ ፊቷን አዞረች። «የሌላ ሰው አይሆንም በያቸው።» አልኳቸው። «ታዲያ አባት ምን ያደርጋል?» አሉ።

ሆስፒታሉ አጠገብ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራየን፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የእነሱ። አባባ አንድ ፍርድ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ አገኙ፤ ኦቦ ከድር የሰው እንጨት ይፈልጡ ጀመር። በቅል የመጣላቸው ጭኮ ነበራቸው፤ ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቶ በቅቤ የታሸ። መንጋጋ ለሌለው ሰው ከዚያ የተሻለ ምግብ አልተፈጠረም፤ ምላስ ላይ ያስቀምጡታል፣ ራሱ ይሟሟል። ኦቦ ከድር እፍኝ ለሐሊማ፣ እፍኝ ለወይንሸት ይሰጣሉ፤ ከእኔ በላይ ትክክል አድርገው የሚያካፍሉ ሰው እሳቸውን ብቻ ነው ያየሁት። ሥጋ ሲሆን እኛ የክርስቲያን፣ እነሱ የእስላም፤ ጭኮው ላይ ግን ሁላችንም አንድ ነን። ሐሊማ የሼክ ሁሴን መንገደኞች የሚዘምሩትን በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች፤ ቃሉን ማውጣት ስለማትችል ዜማው ብቻ ይቀራል። ወይንሸት ዜማውን ለመደችው። የአዲስ አበባ ቆነጃጅት በአጭር ቀሚስና በረጅም ተረከዝ በበራችን ሲያልፉ ሁለቱ አጥር ላይ ተንጠልጥለው በዚያ ዜማ ያጅቧቸዋል። ልጃገረዶቹ ዞር ሲሉ ሻሻቸውን ገለጥ ያደርጉላቸዋል፤ ልጃገረዶቹ ሲጮሁ እነሱ መሬት ላይ ወድቀው ይስቃሉ። እኔ እቆጣለሁ። «ዳኛዋ መጣች» ትላለች ወይንሸት፤ ቃሏ ባይገባም ስድቧ ይገባል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነርሷ ጠራችን። ሐኪሙ አገሩ ሊሄድ ነው፤ ከመሄዱ በፊት አንድ መንጋጋ ብቻ ለመሥራት ጊዜ አለው፤ የሁለቱም ቁስል ደርሷል፤ ስለዚህ በካርድ ቁጥር ይሆናል፤ የቀረችው ከክረምት በኋላ የሚተካውን ሐኪም ትጠብቃለች። የሐሊማ ካርድ ቀዳሚ ነው፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ቀን ሰልፍ ላይ አባባ ትንባሆ ሊገዙ ወጥተው ነበር፤ ኦቦ ከድር ቀደሙ። ሌላ ምንም ምክንያት የለውም። ትንባሆ ነው። ነርሷ «በዚያኑ ቀን ሐሊማ ትኩሳት ካላት ወይም ካልተገኘች ቀጣይዋ ትገባለች፤ ሁለታችሁም ኑ» አለች። በመንገድ ላይ ወይንሸት የአባባን እጅ ይዛለች። ቤት ስንገባ ወይንሸት «ሐሊማ ትቅደም፤ እኔ ከክረምት በኋላ» አለች፤ ምራቋን በሻሿ እየጠረገች። አባባ ወጥተው ግቢው በር ላይ ቆመው ረጅም ጊዜ ቆዩ።

ቀኑ ደረሰ። ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ጠበቅን፤ እኔ በአባባና በኦቦ ከድር መካከል። ረፈደ፣ ቀትር ሆነ። ኦቦ ከድር ፀሐይዋን በመስኮት አይተው ተነሡ። ሰላት ደርሷል። በትራቸውን አግዳሚው ላይ፣ በተቀመጡበት ቦታ አጋደሙ፤ አገራችን ወረፋ የሚያዘው እንዲህ ነው፤ ዕቃ አስቀምጦ። ሐሊማም ተነሣች፤ ሰው ፊት መቀመጥ ትጠላ ነበር። «ኢንተለ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ከጠሩን ከዚህ መስኮት ሆነሽ ጩኺ፤ ከዚያ ዛፍ ሥር ነኝ። አደራ።» አደራ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ቃል ነው። «እሺ» አልኩ። እኔ ዳኛዋ።

ዛፉ ሥር ጋቢያቸውን ሲያነጥፉ አያቸዋለሁ። ሐሊማ ቧንቧው ጋ ውኃ ትይዝላቸዋለች። በሩ ተከፈተ። «ሐሊማ ከድር!» አለች ነርሷ። ብድግ አልኩ፤ ማለቴ ብድግ ልል ነበር፤ የአባባ እጅ ጉልበቴ ላይ አረፈ። አልተጫነኝም። ስለዚህ እጅ እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ዓመታት ሙሉ ተጭኖኝ ነበር ስል ለራሴ ዋሽቻለሁ። አረፈ ብቻ። «ሐሊማ ከድር!» ኦቦ ከድር ግንባራቸውን መሬት ላይ አድርገዋል። መስኮቱ ከእኔ ሁለት እርምጃ ነው። ቀና ስል ወይንሸት ታየኛለች፤ ምራቋ አገጯ በሌለበት ወገን ይወርዳል፤ በእጇ ጀርባ ትጠርገዋለች፤ መልሶ ይወርዳል። «ሐሊማ ከድር! የሉም? እንግዲህ ቀጣይ። ወይንሸት ተሰማ!» አባባ ተነሡ። ወይንሸት ወደ እኔ ዞራ «እታለም፣ ጥሪያቸው እንጂ!» አለች፤ እንደዚያ ጥርት ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም ነበር። አባባ በትከሻዋ ይዘው አስገቧት። በሩ ተዘጋ። እኔና በትሩ አግዳሚው ላይ ቀረን።

ኦቦ ከድር ከሐሊማ ጋር ተመለሱ። «ጠሩን?» አሉኝ። «አልጠሯችሁም» አልኩ። ተቀመጡ። በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ጥቂት ቆይቶ ነርሷ ወረቀት ይዛ ወጣች፤ አባባ ከኋላዋ። ኦቦ ከድርን ስታይ ቆመች። ወደ እኔ ዞራ «እነዚህ የት ነበሩ? ሦስት ጊዜ ጠርቻለሁ። ዝርዝሩ ገና በእጄ ነው፤ ሐኪሙ ሳይፈርምበት በቂ ምክንያት ካላቸው እነግረዋለሁ። ጠይቂያቸው እስቲ» አለችኝ። ይህን ያለችኝ በአማርኛ ነው። ኦቦ ከድር ፊቷን እያዩ ይጠብቃሉ፤ አባባ ጫማቸውን ያያሉ። እዚያ ኮሪደር ውስጥ ሁለቱን ቋንቋ አጥርታ የምታውቀው አንዲት ሰው እኔ ነበርኩ። ወደ ኦቦ ከድር ዞርኩና «ሐኪሙ የሁለቱንም ካርድ አይቶ ዘንድሮ ወይንሸት ትሠራ ብሏል። እናንተ ከክረምት በኋላ ኑ ብሏል» አልኳቸው። ሐሊማ ሻሿን ወደ ላይ ሳበች። ከዚያ ኦቦ ከድር እጃቸውን ወደ ላይ አድርገው «አልሐምዱሊላህ። ለእህትሽ ይቅናት። ሐኪሙንም አላህ ያቆይልን በይልኝ» አሉ። ነርሷ «ምን አሉ?» አለች። «ገበያ ሄደው ነበር አሉ» አልኳት። ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። «በዚህ ቀን ገበያ!» ብላ ሄደች።

ሰዎች ዛሬ ለሩት «አያትሽ ወረፋ ላይ አንበሳ ናት» ይሏታል። እውነት ነው፤ ባንክ ይሁን ጤና ጣቢያ፣ ዳቦ ቤት ይሁን የሚኒባስ መናኸሪያ፣ ከኋላ መጥቶ የሚቀድም ሰው ካየሁ ድምፄ ከዲንሾ ይሰማል። ባለፈው አንድ ወጣት ከአንዲት ሴት ፊት ሲገባ ሸሚዙን ይዤ ጎትቼዋለሁ። «እማማ፣ ምን አገባዎት?» አለኝ። ምን አገባኝ! ግን ይህ ሁሉ ጩኸት ያንን ዝምታ አንዲት ጣት እንኳ አላሳነሰውም። ሁለት እርምጃ ነበር መስኮቱ።

ሐሊማና አባቷ በሦስተኛው ቀን ሄዱ። ኦቦ ከድር የቀረውን ጭኮ ከነቅሉ ለወይንሸት ተዉላት፤ እሷ ግን አፏ በሽቦ ታስሮ ስለነበር ልትበላው አልቻለችም፤ ለስድስት ሳምንት በቀጭን ጎማ ወተትና የአጥሚት ውኃ ነበር የምትጠጣው። ቅሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ቅቤው እስኪኮመጥጥ ድረስ ቆየ። ወይንሸት እኔንም አባባንም ለብዙ ቀን አልተመለከተችንም። መናገር አትችልም፤ መጻፍ ትችላለች፤ የአባባን ወረቀት ዘርግተን ብዕር ስንሰጣት ብዕሩን ትመልሳለች። ሽቦው ሲፈታ ሐኪሙ ሄዶ ነበር፤ ረዳቱ ነው የፈታው። አጥንቱ ይዟል። አገጯ መሐል ላይ ነው። ያን ቀን መጀመሪያ ያለችው፣ ጎኗን እየዳበሰች፣ «ሔዋን ከአዳም ጎን ነው የተሠራችው፤ እኔ ከራሴ» ነበር። ነርሶቹ በሳቅ ሞቱ። አባባም ሳቁ፤ እየሳቁ ዕንባቸው ወረደ። እኔ ያንን ፊት አየሁና ደስታዬ ልቤን ሊያፈነዳው ደረሰ፤ እውነቴን ነው፤ ደስታ ነበር። እግዚአብሔር እዚያ አግዳሚ ላይ መልሶ ቢያስቀምጠኝ እጮህ እንደሆነ አላውቅም። አዎ እጮህ ነበር ብዬ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ።

ጎባ ስንመለስ አባባ ከገሰራ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ያለ ክፍያ ይጽፉ ጀመር። ሰው «አቶ ተሰማ ምን ያለ ደግ ሰው ናቸው» ሲል ውስጤ ይቃጠላል። አንድ ቀን ጠረጴዛቸው ጋ ምሳ ይዤላቸው ሄጄ «ለኦቦ ከድር ለምን ደብዳቤ አይጽፉላቸውም?» አልኳቸው። ብዕሩን ከቀለሙ አውጥተው ወረቀቱ ላይ ያዙት፤ ቀለሙ ተንጠባጠበ። «ምን ብዬ?» አሉኝ። ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ለሺህ ሰው ቃል ያገኙ ሰው። እኔም ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። ምሳቸውን አስቀምጬ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ እስኪሞቱ ድረስ አላነሣነውም። ወይንሸት አደገች፤ አጥንቱም አብሯት አደገ። አገባች፣ ወለደች፣ ሰርግ ላይ ዘፈነች፣ ከዓመታት በፊት በሌላ በሽታ ሞተች። በሕይወቷ ሁሉ ቆሎ ስትቆረጥም ድምፁን ስሰማ ክፍሉን ትቼ እወጣለሁ። ምክንያቱን ታውቃለች። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀችኝም።

መንግሥት ከመለወጡ ጥቂት ቀደም ብሎ ባለቤቴ፣ መምህር ነበር፣ ገሰራ ተመደበ። ገሰራ ሲባል ብርድ ይበዛበታል አልኩት፤ እውነተኛውን ምክንያት ግን አልነገርኩትም። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ወጣሁ። የገብሱ ተራ፣ የቅቤው ተራ፣ ከዚያ የተልባው። ሰማያዊ ጉፍታዋን እስከ አፍንጫዋ የጠቀለለች ሴት ከፊቷ ተልባ ዘርግታ ተቀምጣለች። ዓይኖቿን ለየሁ። እሷ ቀድማ «እታለም» አለችኝ፤ ቃሉ በአየር ተሞልቶ ወጣ፤ ወይንሸት ስትጠራኝ የሰማችው ነው። ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ከጎኗ ልጅ ተኝቷል። ሰላምታው ረጅም ነበር፤ ከብቱ ደህና፣ ልጁ ደህና፣ ዝናቡ ደህና። አባቷ ሞተዋል። «ከክረምት በኋላ ተመለስን» አለችኝ። «ሌላ ሐኪም ነበር። ቆዳው ተሰብስቧል፣ ቦታ የለውም አለ። የወይንሸትስ?»

«ያዘላት» አልኩ።

«ቆሎ ትበላለች?»

«ትበላለች።»

«ማሻአላህ» አለች። ፊቷ አልተለወጠም፤ ወይም ጉፍታው ሥር ተለውጦ እንደሆነ አላውቅም። ያኔ ነገርኳት። ከፊቷ ቁጢጥ ብዬ ሁሉን ነገርኳት፤ በትሩን፣ መስኮቱን፣ ነርሷ ሦስት ጊዜ መጥራቷን፣ አባቷ ለጸሎት መሄዳቸውን ገበያ ብዬ መተርጎሜን። የተናገርኩት ቀስ ብዬ ነበር፤ እንዳይምታታ። ሐሊማ ተልባውን በእጇ ታለሰልሳለች፤ ደጋግማ ታለሰልሳለች። ስጨርስ ቀና አለች።

«ይህን ስንት ዓመት ያዝሽው?»

«ከዚያ ቀን ጀምሮ።»

«እኔ የሐኪሙ ፈቃድ ነው ብዬ ነበር የኖርኩት። አባቴም እንደዚያ ብሎ ነው የሞተው፤ ሐኪሙን እየመረቀ። አሁን ደግሞ ያንቺ ነው አልሽኝ። ታዲያ ምን ላድርግልሽ?»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር፤ ሳየው ግን እሱም ሌላ ልመና ሆኖ ታየኝ። ከኋላዬ አንዲት ገዢ ቆማ ነበር። ሐሊማ «ዞር በይ እታለም፤ ሰው ይገዛል» አለችኝ። ዞር አልኩ። ገዢዋ ጎረቤቷ ነበረች መሰለኝ፤ ሐሊማ ጣሳውን ሞልታ ሰፈረችላት፤ ከዚያ እፍኝ ሙሉ ምርቃት ጨመረችላት፤ በገበያ ለሚያውቁት ሰው የሚደረገውን ያህል። ሴትየዋ መርቃት ሄደች።

«እኔም አንድ ጣሳ» አልኳት። አየችኝ። ጣሳውን ሞላች፤ አፉን በመዳፏ ሜዳ አደረገችው፤ ዘንቢሌ ውስጥ ገለበጠችው። ምርቃት አልጨመረችም። ገሰራ ሦስት ዓመት ተቀመጥኩ፤ በየገበያው ቀን ተልባ የምገዛው ከእሷ ነበር፤ ሌላ ሻጭ አላየሁም። አንድ ቀን እንኳ አጉድላብኝ አታውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ አልጨመረችልኝም።